የጎረቤት ገበያ

«ሞቷል» አለች በለጠች። «ገበያ የሚባል ነገር ሞቷል ብለሽ ጻፊ። ተቀብሯል፤ አርባውም ወጥቷል።»

ሶልያና እስክሪብቶዋን ወረቀቱ ላይ እንዳሳረፈች ዙሪያዋን ቃኘች። የበለጠች ሻይ ቤት አግዳሚ ወንበሮች ሞልተው፣ ሁለት የባጃጅ ሾፌሮች ብርጭቋቸውን ይዘው በራፉ ላይ ቆመዋል። አንዲት ሴት ዳቦ እንዲጠቀለልላት እጇን ከዘረጋች ቆይታለች። ብርጭቆ የምታጥበው ልጅ ከሳፋው ቀና የምትልበት ጊዜ አላገኘችም።

«እትዬ በለጠች፣ የእውነት ሞቷል ብዬ ልጻፍ?»

«በትልቁ ጻፊው! አሁን በይ ከመንገዱ ገለል በይልኝ፤ ሰው እየጠበቀኝ ነው።»

ከአጠገቧ የቆመው ጥበብ ሳቁን በክርኑ አፈነ። ሁለቱም ደባርቅ ተወልደው ደባርቅ ያደጉ የአሥረኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው። የያዙት ወረቀት የኢኮኖሚክስ መምህራቸው ቴዎፍሎስ የሰጧቸው የቡድን ሥራ ሲሆን፣ «ትልቅ የገበያ ማዕከል በአካባቢ ንግድ ላይ ያለው ውጤት» የሚል ርዕስ አለው። ርዕሱ ረጅም ነው፤ ነገሩ ግን አጭር ነው። አንበሪ ከመጣ ወዲህ ማን ጠገበ፣ ማን ጦሙን አደረ?

አንበሪ ማለት ባለፈው ዓመት ከመናኸሪያው ፊት ለፊት የተከፈተው ባለ ሁለት ፎቅ መደብር ነው። ሰሌዳው ላይ ሌላ ስም አለው፤ በዚያ የሚጠራው ግን የለም። በተመረቀ ዕለት መሪጌታ ሃብተ ጊዮርጊስ የመስታወት በሩ ማንም ሳይነካው ወለል እያለ ሰውን ሁሉ ሲያስገባ አዩና፣ «ይኸማ ዮናስን የዋጠው አንበሪ ነው!» አሉ። ስሙ በዚያው ጸደቀ። ዮናስስ በሦስተኛው ቀን ባዶ እጁን ወጣ። የእኛ ከተማ ሰው ግን ወዲያው ባልዲና ብርድ ልብስ ታቅፎ ይወጣል፤ አንዳንዱም የገባው ሳሙና ሊገዛ እንደነበር ትዝ የሚለው ቤቱ ከደረሰ በኋላ ነው።

አሁን አንበሪ ተጨማሪ ቦታ ጠይቋል። የጠየቀው ደግሞ ከጀርባው ያለውን የቀበሌ ሱቆች ረድፍ ነው፤ ፈርሶ መጋዘንና የመኪና ማቆሚያ ይሁንልኝ ብሎ። ባለሱቆቹ ጮኹ። ከሁሉ አብልጣ የጮኸችው የኮሚቴያቸው ሰብሳቢ ዘቢደር ናት፤ የሶልያና እናት። ድምጿን ያልሰማ ካለ ያን ቀን ጎረቤት ከተማ ዳባት የዋለ ብቻ ነው። ማዘጋጃ ቤቱም «መጎዳታችሁን የሚያሳይ ማስረጃ አምጡ፤ ሐሙስ ይወሰናል» አለ። መምህር ቴዎፍሎስ «ልጆቹ ያጥኑትና ስብሰባው ላይ ያንብቡት» ያሉት ያኔ ነው። ጥናቱ ሚዛን ካልደፋ ረድፉ ይፈርሳል። ሶልያና የተገለበጠ ጀሪካን ላይ ተቀምጣ ፊደል የቆጠረችበት የእናቷ ሱቅም አብሮ ይሄዳል።

ችግሩ የመጣው ከወረቀቱ ነው። በእኛ ከተማ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ ሱቅ በራፍ ላይ የሚቆም ሰው አንድ ዓይነት ብቻ ነው፤ የቀን ገቢ ገምቶ ግብር የሚያስወስን። ስለዚህ ባለሱቁ ሁሉ በቃሉ ያጠናው አንድ መልስ አለው። አንዱ ልጆቹ ሲመጡ ገና ከሩቅ አይቶ መደርደሪያው ላይ መጋረጃ ጣለ። ሌላዋ አዲሱን ሚዛኗን ወንበር ሥር ሸጎጠች። ሶልያና እዚሁ ረድፍ ውስጥ ስትድህ ማደጓ፣ ስታለቅስ እነሱው ብስኩት እየሰጡ ማባበላቸው ምንም አልረዳም። ወረቀት ወረቀት ነው።

«ሞቷል።» «እሱማ ከሞተ ቆየ።» «ደግሞ ምን ገበያ አለና ትጠይቂኛለሽ?»

ከሌላው የተለየው ጋሼ አሻግሬ ብቻ ነበር። ከእናቷ ሱቅ ጎን የኮንጎ ጫማና ብርድ ልብስ የሚሸጥ፣ ክረምት ከበጋ አንገቱ ላይ ፎጣ የሚጠመጥም ሰው ነው። ጥያቄውን እስከ መጨረሻው ሰማ፤ የአንዱን ጫማ አቧራ በመዳፉ ጠረገና «ተመስገን፤ ደህና ነው» አለ።

«እሱን እንተወው» አለ ጥበብ ወደ ቤት ሲመለሱ። «ሁሉም ሞተናል እያለ አንድ ሰው ደህና ነኝ ሲል ያበላሽብናል። የቀረው'ኮ አሪፍ ነው! ሁሉም ከስሯል፣ አለቀ። ኮፒ ፔስት።»

«እትዬ በለጠችም ከስራለች?»

«አታካብጂ ሶሊ። ብላለች፤ ጽፈናል።»

በማግስቱ ከአንበሪ በፊት ገበያው ምን ይመስል እንደነበር ለመጠየቅ ማዘጋጃ ቤት ሄዱ። የተቀበሏቸው አቶ ወልደ ሩፋኤል፣ ለልጅ ወንበር ስበው «ተቀመጥ» የሚሉ ሽማግሌ ሠራተኛ ናቸው። ወረቀቱን አገላብጠው አነበቡና መነጽራቸውን አወለቁ።

«ጥሩ። አሁን ሞቷል ይላል። አንበሪ ሳይመጣስ?»

«ሳይመጣማ... ደህና ነበር» አለች ሶልያና።

«ማን አለ?»

ልጆቹ ተያዩ።

«እኔ ልንገራችሁ። ለግብር ግምት ስንዞር በየዓመቱ የሚነግሩን ይኸንኑ ነው። አንበሪ ሳይመጣም ሞቶ ነበር። ከዚያም በፊት ሞቶ ነበር። እናትሽም ሞቷል ስትል በዚህ ጆሮዬ ሰምቻታለሁ፤ ያውም እንባዋን እየጠረገች።» ፈገግ አሉ፤ ፈገግታቸው ግን ክፋት አልነበረውም። «እኔ ሱቁ እንዲፈርስ አልፈልግም ልጆቼ። ግን የሞተ ገበያ ሁለተኛ አይሞትም። ስብሰባው ላይ ምን ብዬ ላስረዳ?»

ሲወጡ ከተራራው በኩል የሚመጣው ብርድ ፊት ይገርፋል። ጥበብ እጆቹን ኪሱ ከተተ።

«ቀላል ነው» አለ። «ድሮ ሞቅ ያለ ነበር፣ አሁን ግማሽ ሆነ ብለን ራሳችን እንጻፈው። የሁሉንም። ማን ያውቅብናል?»

ሶልያናን ውሸቱ ደስ አላላትም፤ ግን እሱ ብቻ አልነበረም። ነገሩን ማወቅ ፈለገች። እነዚያ ሾፌሮች ሻያቸውን ቆመው የሚጠጡት ለምንድን ነው? ከአንበሪ ጀርባ ያለ የሞተ ሻይ ቤት እንዴት መቀመጫ ያጣል? ጋሼ አሻግሬስ ከሰው ሁሉ ተለይቶ ደህና የሆነው በየትኛው ጠበል ነው? ጥያቄዎቹ ጫማ ውስጥ እንደገባ ጠጠር አላራምድ አሏት።

ከትምህርት ቤት መልስ ለቤት ዳቦ ልትገዛ በለጠች ዘንድ ጎራ አለች። አሁን ወረቀት አልያዘችም።

«አሁንም ሞቷል» አለቻት በለጠች ገና ሳትጠይቃት፣ ሻይ እየቀዳች።

ሶልያና ሳቀች። «እሺ፤ የእርስዎ ሞቷል። የጎረቤትዎስ?»

ለቀልድ ነው ያለችው። በለጠች ግን ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠች።

«የማን? የአሻግሬ?» ድምጿን ዝቅ አደረገች። በእኛ ሰፈር ድምፅ ዝቅ ሲል እውነት ሊመጣ ነው ማለት ነው። «ውይ ልጄ፣ እሱን ምኑን ታነሽዋለሽ! ያኔ'ኮ ጥምቀት ሲቃረብ ከጃናሞራ ገጠር የሚወርደው ሰው ሱቁን ያጣብብለት ነበር። ዛሬ ሁሉም የአንበሪን ፌስታል አንጠልጥሎ በፊቱ ያልፋል። ከክረምት ወዲህ አዲስ ዕቃ ሲያራግፍ አላየሁትም። ምሳውን እንኳ ቤቱ ሄዶ አይበላም፤ ሚስቱ 'ዛሬስ ሸጥህ?' እንዳትለው።»

«ለእኔ ደህና ነው ብሎኛል እኮ።»

«ታዲያ ምን ይበልሽ? አንች ደግሞ! ያለው ሰው ነው የለኝም የሚለው። የሌለውማ አፍሮ ተመስገን ይላል።»

ሶልያና ሐሳብ ይዟት ወጣች፤ ዳቦውን ረስታው ስለነበር በለጠች ከኋላዋ እየጮኸች አስመለሰቻት።

ከዚያ ጥያቄው ተቀየረ። «ገበያዎ እንዴት ነው?» ቀረና «የጎረቤትዎ ገበያ ከድሮው ሲተያይ እንዴት ነው?» ሆነ። ስለ ራሱ ሲጠየቅ ዲዳ የነበረው ሁሉ ስለ ጎረቤቱ ሲጠየቅ ዳዊት እንደሚደግም ሰው ያለ መጽሐፍ አንበለበለው። ማን ዕቃ እንዳራገፈ፣ የማን ደንበኛ ወደ ማን እንደ ዞረ፣ ማን ሱቁን አርፍዶ እንደሚከፍት፣ ሁሉም ያውቃል። ለራሱ መጋረጃ የጣለው ሰውዬ የሌላውን መጋረጃ ለመግለጥ ጊዜ አልፈጀበትም፤ እንዲያውም ልጆቹን ወንበር አምጥቶ አስቀመጣቸው።

«ይሄ እኮ ሐሜት ነው» አለ ጥበብ፣ መጻፍ ያደከማቸውን ጣቶቹን እያፍታታ።

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

ጥበብ አሰበ። እግሩ ሰነፍ ነው እንጂ ጭንቅላቱ ሰነፍ አይደለም። «አንድ ሰው ብቻ ካለው ሐሜት ነው፤ እንሰርዘዋለን። ሦስት ሰው ለየብቻ አንድ ነገር ካለ ግን ዳታ ነው። ስም ደግሞ አንጠራም። ለሰዎቹም ቃል እንግባላቸው፤ አለበለዚያ ከተማው ይፋጃል።»

መምህር ቴዎፍሎስ ይህን ሲሰሙ እስኪያስላቸው ሳቁ፤ ከዚያ «ቀጥሉበት» አሉ።

የገበያው ሥዕል ቀስ በቀስ ተገለጠ። ደግሞ ማንም እንዳለው ሆኖ አልተገኘም። ጫማ፣ ብርድ ልብስና ልብስ የሚሸጡት ክፉኛ ተጎድተዋል። ለባለሱቆቹ ከጎንደር ዕቃ ያመላልስ የነበረው ባለ አይሱዙ ቆሞ የሚውልበት ቀን በዝቷል፤ አንበሪ የራሱ መኪና አለው። በሌላ በኩል በለጠችና ባለባጃጆቹ አንበሪ የጠራው ሰው ይተርፋቸዋል። ለግዢ ብሎ ከዳባት ድረስ የሚመጣ አለ።

«የዳባት ባለሱቆችስ ታዲያ ምን ሆኑ?» አለች ሶልያና ዓይኗ በርቶ።

«ኧረ በማርያም! ለሐሙስ የቀረን ነገ ብቻ ነው።»

መጨረሻ ላይ የቀረው ጋሼ አሻግሬ ነበር። ጥያቄው ስለ ጎረቤት መሆኑን ሲሰማ ፊቱ ፈካ።

«የኔ ጎረቤትማ እናትሽ ናት። ስለ እሷ ማውራት ደስ ይለኛል። ታታሪ ሴት! አንበሪ ሲከፈት እኛ ስናለቅስ እሷ ገብታ አየችው። በጠዋት በባጃጅ የስኳር ኩንታሉን፣ የዘይት ጀሪካኑን ከዚያ ታስወጣለች፤ እንደ ድሮው ከጎንደር ማስጫን ቀረላት። ከዚያ በስኒ ትቸረችረዋለች። አንበሪ እንደ ታሸገ እንጂ በስኒ አይሸጥም፤ የገጠር ሰው ደግሞ በስኒ ነው የሚፈልገው። ቀንቷታል፤ እሰይ ነው!»

ጥበብ መጻፉን አቆመ። ከሱቁ ራቅ ሲሉ «ሌሎቹም ብለውኛል» አለ። «አንቺ በሌለሽበት። ከሦስት በላይ ናቸው።»

ሶልያና ጠዋት ጠዋት ሸራ ለብሶ የሚመጣውን ባጃጅ አስታወሰች። «የጎንደር ዕቃ ነው» ነበር የምትላት እናቷ። ያችው እናቷ ከሰዓት በኋላ ኮሚቴው ፊት ትቆምና «አንበሪ ሁላችንንም አንቆ ይዞናል!» ትላለች።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሶልያና ሱቁ ውስጥ ገባች። ዘቢደር ለአንድ የጃናሞራ ሰውዬ ስኳር በስኒ እየሰፈረች ነበር። ስኒው ሲሞላ በጣቷ ቆንጥራ ጨመረችለት፤ ሰውዬው መርቋት ወጣ።

«እማዬ፣ የጋሼ አሻግሬ ገበያ እንዴት ነው?»

«አይ አሻግሬ!» ዘቢደር ወደ ግድግዳው፣ ወደ እሱ ሱቅ በኩል ዞር ብላ አየች። «አንጀቴን ነው የሚበላኝ። ደንበኛ እልክለታለሁ፤ ይገቡና 'አንበሪ ይቀንሳል' ብለው ይወጣሉ። ፊት ለፊቱ ነው የሚሉት'ኮ! ዘንድሮን መዝለቁን እንጃ።»

«የእኛስ?»

«ሞቷል!»

እንደ ማስነጠስ ነው ያመለጣት። ዘቢደር ስኒውን በጨርቅ መወልወል ጀመረች፤ የተወለወለውን ስኒ ደግማ ወለወለችው።

«አንች ልጅ፣ ጥናትሽን ይዘሽ ነው ወይስ ልጄ ሆነሽ የጠየቅሽኝ?»

«ልዩነት አለው?»

«እንዴት የለውም!» አለችና ድምጿን ዝቅ አደረገች፤ «ለመሆኑ ስለኔ ምን አሉ?»

«ሦስት ሰው ለየብቻ ካላለ አንጽፍም።»

«ሦስት ሰው ብሏል?»

«ከዚያ በላይ።»

«ማን ማን?»

«ስም አንናገርም እማዬ። ቃል ገብተናል።»

«አሻግሬም አለ?» የሶልያና ፊት መለሰላት። «ምን ብሎ?»

«ቀንቷታል፤ እሰይ።»

ዘቢደር ጨርቁን አስቀመጠች። በሩ ላይ አንድ ልጅ ክብሪት ጠየቀ፤ ሰጠችውና መልሱን ሳትሰጠው ቀረች፤ ልጁ ሲያስታውሳት ሰጠችው።

«በይ ስሚኝ» አለች በመጨረሻ። «የግብሩን ነገር ተይው። ነገ እዚያ ቆመሽ ዘቢደር ተጠቅማለች ብትይ ኮሚቴው ምን ይለኛል? ሰብሳቢያችን ቀን ከኛ ጋር ትጮሃለች፣ ማለዳ ከአንበሪ ጋር ትበላለች ነው የሚሉት። ወልደ ሩፋኤልም 'ይኸው፣ አልተጎዱም' ይልና ያፈርሰዋል። እህሳ?»

«ሁላችንም ሞተናል ካልን ደግሞ 'ድሮም ሙት ናችሁ' ይላሉ። ብለውኛል። ያን ጊዜ ጋሼ አሻግሬን ማን ያምነዋል?»

«እሱ ራሱ ደህና ነኝ እያለ!»

«ለዚያ ነው እኮ እኛ የምንናገርለት። ደግሞ ረድፉ ከፈረሰ ይሄ በስኒ የሚገዛው ሰውዬ የት ሄዶ ይገዛል? አንቺስ? ይሄን ለማለት መጀመሪያ ማግኘታችንን መናገር አለብኝ።»

ዘቢደር ስኒውን ወደ ቦታው መለሰች። «እኔ እንጃ» አለች። «የተማርሽው አንች ነሽ።» ወደ ዘይቱ ዞረች። አትበይም አላለች፣ በይም አላለች። እራት ላይም ስለ ነፋሱ ብቻ አወሩ።

ሐሙስ ጠዋት የማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ሞልቷል። የአንበሪ ሥራ አስኪያጅ ኮት ለብሶ ከፊት ተቀምጧል። ባለሱቆቹ በግራ በኩል ተጠጋግተዋል፤ ዘቢደር ፊት ላይ ናት። ጋሼ አሻግሬ ኋላ፣ በሩ አጠገብ ቆሟል፤ ሰው አላስቀምጥ ብሎት ሳይሆን፣ ሳይታይ መውጣት ስለሚያመቸው ነው።

ጥበብ ወደ ሶልያና ጆሮ ጎንበስ አለ። «የእናንተን ቤት እንዝለለው። አንድ ሱቅ ነው፤ ማን ይቆጥረዋል? እውነት ነው አልዋሸንም፤ ዝም ነው ያልነው።»

ሶልያና ወረቀቱን አየችው። ጥበብ በጥሩ የእጅ ጽሑፉ ገልብጦታል። መጀመሪያ ጫማና ብርድ ልብስ ሻጮቹ፣ ከዚያ አይሱዙው፣ ከዚያ ያተረፉት። የእናቷ ሱቅ መጨረሻው ገጽ ላይ ነው፤ «አንዲት የሸቀጥ ነጋዴ» ይላል፤ ስም የለውም። ገጹን ብታነሳው ማንም አያውቅም። አንብባውም ቢሆን፣ ስም ስለሌለው፣ ሰዉ እርስ በርሱ ይጠራጠራል እንጂ ወደ ዘቢደር ለመድረስ ጊዜ ይፈጅበታል።

አቶ ወልደ ሩፋኤል ስሟን ጠሩ። «በይ ልጄ፤ ከየትኛው ትጀምሪያለሽ?»

ተነሳች። የመጨረሻውን ገጽ አወጣችና ከሁሉ በላይ አደረገችው። ጥበብ አየ፤ አልከለከላትም፤ የቀሩትን ወረቀቶች ሰብስቦ ያዘላት።

«የማንንም ሱቅ በስም ላንጠራ ቃል ገብተናል» አለች። ድምጿ ቀጭን ነበር። «አንድ ሱቅ ግን ስሙን መጥራት እችላለሁ። የእናቴ ነው። ስለ እሱ የምናገረው ሁለት ነገር ነው፤ አንበሪ ከመጣ ወዲህ ያገኘውን፣ እና ረድፉ ከፈረሰ የሚያጣውን።»

ከባለሱቆቹ በኩል ጉርምርምታ ተነሳ። አንዲት ሴት «እህ?» ብላ ዘቢደርን በክርኗ ጎሸመቻት። ሶልያና ቀና ብላ እናቷን አየች።

ዘቢደር ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች። ከመቀመጫዋ አልተነሳችም፤ ወደ ጎንም አልዞረች።

«ጮክ በይ» አለቻት። «ኋላ ያሉት አይሰሙሽም።»